ባና ላይ የተቀመጠ መኪና

ሥራ ያቆምኩት በዓይኔ ምክንያት ነው። ሐኪሙ መብራት እያበራ ብዙ ካየኝ በኋላ «አባት፣ ከዚህ በኋላ የብየዳ እሳት እንዳያዩ» አለኝ። እኔም በሆዴ «ዕድሜ ልኬን ያየሁት እሱን አይደል፣ ሌላ ምን አውቃለሁ?» አልኩ። ዕቃዬን ለልጄ አስረክቤ ቤት ተቀመጥኩ። ቤት መቀመጥ ግን ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይሆንም። እጄ ሥራ ሲፈታ ሐሳቤ ሥራ ይጀምራል። የጣሪያው ቆርቆሮ ሲንቋቋ የቱ ምስማር እንደላላ ካላወቅሁ እህል አይወርድልኝም። ስሜ ጌጡ ነው። መንዝ ውስጥ ዘመሮ ላይ ግን ሹፌሮች ያወጡልኝ ስም «ፍሬን» ነበር፤ መኪና ጠግኜ ሳስረክብ የመጨረሻ ቃሌ ሁልጊዜ «ቀስ በል» ስለሆነ።

ብየዳ የጀመርኩት በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ካምፑ ተበተነና ደብረ ብርሃን አንድ ጋራዥ ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ደግ ሰው ነበር፣ ምሳ ሳይጋብዘን ቀርቶ አያውቅም። ችግሩ ችኮላው ነው። ብየዳው ሳይበርድ ቀለም ያስቀባል፤ ስንጠይቀው «ቀለም ይሸፍነው የለ እንዴ!» ይላል። ደመወዙ አይከፋም ነበር። ነገር ግን የበየድኩት መኪና ዳገት ሲወጣ እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ አብሬው እወጣለሁ፤ ቁልቁለት ሲወርድም አብሬው እወርዳለሁ። እንዲህ እየሆነ መኖር አልቻልኩም። ተሰናብቼ ወደ አገሬ ወደ መንዝ ተመለስኩና ዘመሮ ላይ ከጋሽ ዘውዴ ጋር መሥራት ጀመርኩ።

ጋሽ ዘውዴ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ ጉልበታቸው የማይታጠፍላቸው መካኒክ ነበሩ። ጋራዣቸው ከገበያው በላይ ያለች የቆርቆሮ ዳስ ናት። በክረምት ታፈስሳለች፣ በበጋ ነፋሱ ከዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣባታል። ብየዳ የምንበይደው በጄኔሬተር ነበር፤ እሱም እንደ አህያ ደስ ሲለው ብቻ ይሄዳል። እሳቸው ግን በዚያች ዳስ ውስጥ ደብረ ብርሃን ያላየሁትን ጥንቃቄ ያሳዩኝ ሰው ናቸው። የመኪና ሻንሲ ማለት ቦዲውም ሞተሩም የሚያርፍበት የብረት አጥንት ነው። ጋሽ ዘውዴ የማንንም ሻንሲ ሳያጥቡ አይነኩም። ካጠቡ በኋላ ሲባጎ ይዘው ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ ይወጥራሉ፣ ጫፉ በደረሰበት ላይ ቋጠሮ ያስራሉ፣ ከዚያ በሌላው ሰያፍ ይወጥራሉ። ቋጠሮው ቦታውን ካልመታ ሻንሲው ጠማማ ነው፤ ባለቤቱ ቢለምንም ቢቆጣም ሥራው አይጀመርም።

ሁለት ልማድ ነበራቸው፤ ሁለቱም ለእኔ ሰላም የሚሰጡ ልማዶች። አንደኛው፣ መኪናው ተሠርቶ ሲያልቅ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭንቅላታቸውን የቦዲው ላሜራ ላይ አስደግፈው በመጥፎ መንገድ መሄድ ነው። «የሚሳፈረው ሰው የሚቀመጠው ኋላ ነው» ይላሉ። «ፊት ያለው ሞተሩን ይሰማል። ኋላ ያለው መኪናውን ይሰማል።»

ሁለተኛው ልማዳቸው ምስክር ነው። ቡሎኑ ከታሰረ በኋላ ከቡሎኑ ጫፍ ቡሎኑን እስከሚያጠብቀው ዳዶ ድረስ በቀጭን ብሩሽ አንድ ነጭ መስመር ያሰምራሉ። ዳዶው ትንሽ እንኳ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል። ሹፌሩ ቁልፍ ሳይዝ፣ ሳይታገል፣ ጎንበስ ብሎ በማየት ብቻ የላላውን ከጠበቀው ይለያል። «ምስክር አድርግበት» ሲሉኝ ሥራው አለቀ ማለት ነው፤ እኔም ያን ቀን እንቅልፍ ይወስደኛል።

ተፈራ የመጣብን በዚህ ላይ ነው። ተፈራ የአካባቢው ሹፌር ነው። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ በጨረታ የተሸጠ አሮጌ የመስክ መኪና ገዝቶ፣ ከዘመሮ ቆላ ወዳለችው ዓለም ከተማ ሰው ሊያመላልስ አስቧል። ሆስፒታሉ ያለው ዓለም ከተማ ነው። መንገዱ ከደጋው አፋፍ ላይ ተነስቶ ገደል ለገደል እየተጠማዘዘ የሚወርድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሕመምተኛ የሚወርደው በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ነበር። የተፈራ ሚስት አስካለ የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው ቃሬዛ የሚሸከም ሰው እስኪሰበሰብ ነው። አሁን ደግሞ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። ተፈራ ስለ ገበያው፣ ስለ ተሳፋሪው ብዙ ቢያወራም መኪናውን ለማን እንደገዛው ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሽ ዘውዴ ሻንሲውን አጠቡና በመዶሻ መታ መታ አደረጉት። ተሰንጥቆ፣ ተበይዶ፣ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ተሰንጥቋል።

«ይኼ አይሆንም» አሉት።

«ጋሽ ዘውዴ፣ እባክዎ፣ ጌጡ ወፍራም ብረት ደርቦ ቢበይደው?»

«ጌጡ ይበይደዋል። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። ሌላ ሻንሲ ፈልግ።»

ተፈራ ፈልጎ ፈልጎ ከደብረ ብርሃን የአንድ ፒካፕ ሻንሲ ከነሞተሩ አስጭኖ መጣ። ፒካፑ ፊቱ ተመትቶ የተጣለ ነው፤ ሲባጎው ግን በሁለቱም ሰያፍ ቋጠሮውን መታ። እንግዲህ የአንዱን መኪና ገላ አንስቶ በሌላው አጥንት ላይ ማስቀመጥ ነው። እንደዚህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ቦዲውን ያነሳነው በደቦ ነው። የባሕር ዛፍ ግንድ ከስሩ አሳልፈን፣ ከገበያ የመጡ ጎበዞች ተሰልፈው «ሆ!» ብለው እንደ ጎጆ ክዳን አነሱት። ሲያስቀምጡት ነገሩ ሁሉ ተፋልሶ ተገኘ። ሻንሲው ይረዝማል። ቦዲው በቡሎን የሚታሰርባቸው መቀመጫዎች ከሻንሲው ቀዳዳዎች ጋር አይገጥሙም። የማርሹ ዱላ ከሹፌሩ ወንበር ስር ብቅ ይላል። ተፈራ እሱን አይቶ «ማርሽ ለማስገባት ልነሳ ነው?» ሲል ደቦው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። አሮጌዎቹን መቀመጫዎች ቆርጬ አዲስ ሠራሁ። ወለሉን በሳሁ፣ ደፈንኩ። ከሁሉ የከበደኝ የመሪው ዘንግ ነው። የመሪው ክብ ያለው ቦዲው ላይ፣ ጎማውን የሚያዞረው ሳጥን ያለው ሻንሲው ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዘንግ አጠረ። ጋሽ ዘውዴ በወፍራም ቧንቧ ውስጥ አግብተን እንድናስረዝመው ወሰኑ። በየድኩት። አልወደድኩትም፣ ሰብሬ እንደገና በየድኩት። ሰዎች በዚያ መሪ ስንቱን ጠመዝማዛ እንደሚዞሩ ሳስብ የበየድኩትን አላምነውም። ሦስተኛ ጊዜ ስሰብረው ጋሽ ዘውዴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እንዲሁ ቁጭ ብለው አዩኝ፤ አራተኛውን ብየዳ አልሰበርኩትም።

የቀረው በቦዲውና በሻንሲው መካከል የሚገባው ነገር ነበር። ብረት በብረት ላይ አይቀመጥም፤ በየቡሎኑ ስር ለስላሳ ነገር ካልገባ ቦዲው ይንጫጫል፣ ተሳፋሪውም ይደቃል። የፋብሪካው ጎማ ደርቆ ተፈርፍሯል። ሌላ ጊዜ የምናስገባው ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ነው፣ እሱ ግን ደረቅ ነው።

አስካለ ይህን ስትሰማ በማግስቱ አንድ ባና ይዛ መጣች። ባና የበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን የመንዝ ብርድ ልብስ ነው፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ ብርድ የማያስገባ። ጠጉሩን የፈተለችው ራሷ ናት፣ ለአራስ ቤቷ ያዘጋጀችው ነው።

«ይኼን አጣጥፋችሁ ከስሩ አስገቡት» አለች። «ምጥ የያዛት ሴት ተኝታበት ስትሄድ አይንገጫገጭ።»

«አስካለ፣ ይኼ እኮ ለአንቺ ነው» አሏት ጋሽ ዘውዴ።

«እና እኔስ በምን ልሄድ ነው?» አለችና ሳቀች።

ጋሽ ዘውዴ ባናውን በጣታቸው አሹት፣ ጨመቁት፣ ፊታቸው በራ። ይህን ፊት አልረሳውም። ግማሹን በክብ በክብ እየቆረጥን፣ ደራርበን፣ ቀዳዳ እየበሳን በየቡሎኑ ስር አስገባነው። በደንብ አጥብቀን አሰርን፣ እንዳይፈታ በዳዶው ላይ ሌላ ዳዶ ደገምንበት። ምስክር አደረግንበት። የተረፈውን የባናውን ግማሽ ምስማር ላይ ሰቀልነው። አንዲት ቁራጭ ደግሞ ጋሽ ዘውዴ «ምን ያህል እንደምትጨመቅ ልያት» ብለው ብረት ጨምድዶ በሚይዘው ሞርሳ ውስጥ አስረው ጥርሱ እንደነከሳት ተዉአት።

ከዚያ ከኋላ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀየት እስከሚባለው ቦታ ሄደን ተመለስን። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው። ሲወርዱ ላሜራውን በመዳፋቸው መታ አድርገው «ይኼ ቦዲ አይናገርም» አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። የቀረውን በጋ ሙሉ መኪናው ወጣ፣ ወረደ። ሰው ሁሉ «የባናው መኪና» አለው። ተፈራ እንደተነገረው ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ ምስክሩን ያያል፤ መስመሩ አልተሰበረም። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ መሪው ዘንግ ነው። ስጋቴን ሁሉ እዚያ ብየዳ ላይ ጨርሼው ነበርና ለሌላ የተረፈኝ የለም።

ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ጋራዥ ስደርስ ጋሽ ዘውዴ ዕቃ እያዘጋጁ «ተፈራ አስካለን ይዞ ወረደ፣ ምጥ ጀምሯታል» አሉኝ። «ምስክሩን አይቷል?» አልኳቸው። «እኔም አብሬው አየሁ። ሁሉም ደህና ነው» አሉ። ዝናቡ ገና አላባራም። ሥራ ልጀምር ወደ ሞርሳው ስሄድ እግሬ አንድ ነገር ረገጠ። ያቺ የባና ቁራጭ ናት። መሬት ወድቃለች።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ይቺን አወጧት እንዴ?»

«አልነካኋትም።»

ሞርሳውን አየሁት። መዘውሩ እንዳሰሩት ነው፣ ማንም አላላላውም። ከላይ ጣሪያው ያንጠባጥብበታል። በጋውንም ክረምቱንም እዚያ ሞርሳ ላይ ብረት ስንቀጠቅጥ ነው የዋልነው። ቁራጯን አነሳኋት። እርጥብ፣ ደንዳና፣ ስስ ሆናለች። ስናስራት የጣቴን ውፍረት ታህል ነበር።

መንዝ ውስጥ ባና እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው የለም። ከሸማኔው ሲመጣ ሳሳ ያለ ነው። ውሃ ይፈስበታል፣ ሰዎች ተሰብስበው በእግራቸው ይረግጡታል፤ እየተረገጠ ይሰበሰባል፣ ይጠቀጠቃል። ጋሽ ዘውዴ ያውቃሉ። አስካለም፣ ተፈራም፣ እኔም እናውቃለን። ልጅ ሆነን ሁላችንም ረግጠናል። ያ መኪና ደግሞ ክረምት ከገባ ጀምሮ በየቡሎኑ ስር ያለውን ባና በዝናብ እያራሰ በቦዲው ሲረግጠው ከርሟል።

ቁራጯን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ቀና ብለው ሞርሳውን አዩ፣ እሷን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ዳዶው አልዞረም» አሉ ቀስ ብለው። «ምስክሩ ምኑን ይመሰክራል? ከስሩ ያለው ባና ነው ሳስቶ የሄደው።»

እህል የጫነ የጭነት መኪና ወደ ታች ሊወርድ ገበያው ዳር ቆሞ ነበር። ተንጠላጠልንበት። እኔ በየኩርባው ወደ ገደሉ እያየሁ በልቤ ስዕለት እሳላለሁ፤ የማርያምን ስም ጠርቼ ሳልጨርስ ሌላ ኩርባ ይመጣል። የወደቀ ነገር እንዳላይ እፈራለሁ፣ ዓይኔን ደግሞ መንቀል አልችልም። ጋሽ ዘውዴ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የሚሰሙት ግን ምንም አልነበረም።

ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ፣ ኩርባ ስንዞር መኪናው ተገኘ። መንገዱን ዘግቶ፣ አፍንጫውን ወደ ተራራው ቀብሮ ቆሟል። ባዶ ነው። አጠገቡ አንድ ገበሬ ቡሉኮውን ተከናንቦ ይጠብቃል።

«ሰዎቹስ?» አልኩ።

«ደህና ናቸው። ኧረ ተወኝ ወንድሜ!» አለ ገበሬው። «እላዩ ብቻውን ወደ ጎን ሸርተት አለ፣ መሪው አልዞር አለው። ሰውየው ጎበዝ ነው፣ በገደሉ በኩል ሳይሆን በዳገቱ በኩል ሰጠው። ሴትየዋን ጎረቤት ተጠራርተን በቃሬዛ አወረድናት፣ በአቋራጩ። እሱም አብሯት ወረደ።»

«እንዴት ነበረች?»

ገበሬው ወደ መሬት አየ። «ድምፅ አታሰማም ነበር» አለ።

ያን ሁሉ ደክመን፣ ያን ሁሉ በይደን፣ አስካለ የሄደችው እንደ በፊቱ በቃሬዛ ነው። ከመኪናው ስር ገባሁ። የመሪው ዘንግ ብየዳ እንዳለ ነው፤ ቦዲው ተንሸራቶ ዘንጉን አጣብቆታል እንጂ አልተሰበረም። ያን ያህል የፈራሁለት ብየዳ ደህና መሆኑ ምንም ደስታ አልሰጠኝም። ጋሽ ዘውዴ የማይታጠፍ ጉልበታቸውን ዘርግተው ጭቃው ውስጥ ተኝተው ዳዶዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ይነካሉ። ነጩ መስመር በሁሉም ላይ ቀጥ ብሎ አለ። በዚያው ጣት ቡሎኑን ሲገፉት ተወዛወዘ።

የጭነት መኪናው እንዲያልፍ መንገዱን መልቀቅ ነበረብን። በየቡሎኑ ስር የሚገባ ነገር ግን የለም። ገበሬው ሐሳባችንን ሰምቶ ሁለት እግሩን አየና ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ጫማውን አውልቆ ሰጠን። «ለእናንተ ሥራ ከሆነ ቁረጡት፣ እኔ ቤቴ ቅርብ ነው» አለ። ቦዲውን ገፍተን ወደ ቦታው መለስንና ጫማውን ቆርጠን አስገባነው። የጭነት መኪናው አለፈ፣ እኛም የተፈራን መኪና ቀስ እያልን ወደ ዘመሮ መለስነው። የጭነቱ ሹፌር ወሬ ይዤ እመለሳለሁ ብሎን ነበር። በማግስቱ ናዳ መንገዱን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍን አላውቅም። በእግር ከታች የሚወጣ ሰው ሁሉ ሌላ ወሬ ይዞ ይመጣል። አንዱ እናትየው ሞተች ይላል። ሌላው እናት ተርፋ ልጅ ሞተ ይላል። አንዲት ሴት ደግሞ ሁለቱም መቀበራቸውን ዓይኗ ያየ ይመስል አወራችልን፤ ስንጠይቃት የሰማችው ከመንገደኛ ነው። ጋሽ ዘውዴ ብሩሹን ከነቀለም ቆርቆሮው ጣሉት። ከቦዲው ስር ባናውን ሁሉ አውጥተው በጎማ ለወጡ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ቡሎን በትንሽ መዶሻ እየመቱ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡ ነበር። «አትየው፣ ምታው» አሉኝ። «የጠበቀ ነገር ድምፁ ይለያል።» እስከ ሥራዬ መጨረሻ ያስረከብኩት መኪና ሁሉ የሄደው ከነትንሽ መዶሻው ነው፤ «ቀስ በል» ከሚለው ጋር። ያን ጊዜ ግን ጋሽ ዘውዴ ሌላ ሥራ አልተቀበሉም። የተሰቀለውን የባና ግማሽ አይነኩም፣ ከዓይናቸውም አያወጡትም።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲከፈት አንድ ጠዋት አስካለ የጋራዡ በር ላይ ቆማ አየናት። ከስታለች። በሕይወት መኖሯን አይቼ ተመስገን ልል አፌን ከፈትኩና ጀርባዋን አየሁ። ያዘለችው ነገር የለም። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ጋሽ ዘውዴ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «አስካለ... ልጄ...» ብለው ቀሩ። እኔም መጠየቅ አልቻልኩም። መልሱን ፈራሁ።

እሷ እኛን አላየችም። ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን አየች።

«ያንን የባናዬን ትራፊ ልወስደው ነበር» አለች።

ለመገነዣ ይሆን? ለማስታወሻ ይሆን? ጭንቅላቴ እንደ ልማዱ ክፉ ክፉውን ይፈጥራል።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለችን። «ልጁን በረደው እኮ። ዓለም ከተማ የተወለደ የቆላ ሰው ነዋ፣ የእኛን ደጋ አልቻለውም። ተፈራ አቅፎት ውጪ ቆሟል፤ መኪናውን ማየት ፈርቶ አልገባም አለ። አያ ጌጡ፣ ሂድና ሳበው እስቲ።»

እኔ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። ጋሽ ዘውዴ ግን ሄደው ባናውን ከምስማሩ አወረዱ። ሊሰጧት ዘረጉና መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ቆይ» አሉ። «እርጥብ እንዳይሆን።»

ባናውን አንስተው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት፤ ፊታቸው ሁሉ ተሸፈነ። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ባና ደረቅ መሆኑን ለማወቅ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም። አስካለም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እጇን እንደዘረጋች ጠበቀቻቸው።